ከሃያ አምስቱ አንዷ

ቡታጅራ ቅቤ ተራ ገብታችሁ «ዓለምዘውድ የቷ ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም እጁን ዘርግቶ አያሳያችሁም። ትንሽ ቁሙና አዳምጡ ነው የሚሏችሁ። እውነታቸውን ነው። ብዙም ሳትቆዩ «ይሄን ነው ቅቤ የምትዪኝ? ይሄን ድንች?» የሚል ድምፅ ገበያውን ያቋርጣል። ቅቤ ልትሸጥላት ከገጠር የመጣችው ሴት ገና ሳትደነግጥ ያው ድምፅ መልሶ «ነይ እስቲ ተቀመጪ፣ ለመሆኑ ቁርስ በልተሻል?» ይላል። ቁጣዋና ደግነቷ ተጋፍተው ነው የሚወጡት፤ የቱ እንደሚቀድም እሷም አታውቅም።

ዓለምዘውድ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ሸዋንግዛው አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ለመስቀልና ለፋሲካ ይመጣል፣ በመሀሉም ሲመቸው ብቅ ይላል። የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻ ይሄ ብቅ ማለቱ ነው እንግዲህ። አንዲት ልጃቸው ሃኒ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ግቢው ውስጥ አብረዋት የሚኖሩት አማቷ እማማ ወለተ ሐና እና የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ ዑራኤል ናቸው።

ዑራኤልን የማያውቅ የከተማው ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አጭር፣ ፊቱ ክብ፣ ዐይኖቹ ጠበብ ብለው ወደ ላይ የሚያዩ። ንግግሩ ለእንግዳ ሰው አይገባም፣ ለለመደው ግን ምንም አያስቸግርም። የቅቤ ጥቅልሎችን ከመኪና ያወርዳል፣ ሳይጠሩት ሰርግ ይሄዳል፣ ሄዶም ከሙሽራው ሚዜ በላይ ይጨፍራል። ገንዘብ ሰጥታችሁ የላካችሁት እንደሆነ ግን በመንገዱ ለጠየቀው ሁሉ አድሎት ይመለሳል። ያኮረፈ ዕለት የሚያባብለው መልአክ ብቻ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ደረቱን ያመዋል፣ ያኔ እማማ ወለተ ሐና እንቅልፍ የላቸውም። ለምን እንዲህ ሆኖ ተወለደ ብሎ በዚያ ቤት የጠየቀ ሰው የለም። ዑራኤል ዑራኤል ነው፣ አለቀ።

አሁን ወደ ዓለምዘውድ። ባለፈው ክረምት ያቅለሸልሻት ጀመር። ጨጓራ ነው ብላ አጃ ጠጣች። የወር አበባዋ ሲቀር ደግሞ «በቃ፣ እድሜዬ ደረሰ» ብላ ለራሷ አዘነችና ተወችው። ነገሩን ያወቀችባት ሲስተር ሳሌሃ ናት። ሳሌሃ የቡታጅራ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት፤ ቅቤ የምትገዛውም ከዓለምዘውድ ነው። አንድ ቀን ቅቤ ለመግዛት ቆማ ሳለ ዓለምዘውድ ቅቤው የተጠቀለለበትን ኮባ ገልጣ አፍንጫዋን ስታዞር አየቻት።

«አንቺ ሴት» አለች ሳሌሃ፣ «ቅቤ የሸተተሽ ከመቼ ወዲህ ነው?»

በማግስቱ ተመረመረች። እርግዝና! ወይ ጉድ! «ልጄን ልድር ስል እኔው?» ብላ ጮኸች፤ ከውጭ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሰሙ። አፈረች፣ ተናደደች፣ ለሃኒ በስልክ ስትነግራት ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ሲያድር ግን ሌላ ነገር መጣ። ከሃኒ በኋላ ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ወርደውባታል፤ ሁለተኛው ከወረደ በኋላ ልጅ የሚባል ነገር እንዳይነሳባት ብላ ነበር። እና ይሄ ሳይጠራ የመጣ፣ ይሄ በዚህ እድሜዬ ብላ ያፈረችበት እንግዳ፣ አንጀቷ ውስጥ ገባ። ፈለገችው። በጣም ፈለገችው።

ጳጉሜ ላይ ዶክተር በኃይሉ በአልትራሳውንድ አያት። ከጎንደር የመጣ ወጣት ሐኪም ነው፤ ትሑት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ከፅንሱ ማጅራት በስተኋላ ያለው ውኃ ከተለመደው ወፈር ብሎ ስላገኘው ደም አስቀድቶ አዲስ አበባ ላከ። ውጤቱ የደረሰው መስቀል አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ይሄ ሳምንት ቅቤ ተራ ማለት ምን እንደሆነ የጉራጌን መስቀል ለሚያውቅ አይነገረውም። ዓለምዘውድ ሚዛኗን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ዑራኤልን ቦርሳዋን አስይዛ፣ እየተጣደፈች ሄደች። ዑራኤል ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ እሷ ገባች።

«እትዬ ዓለምዘውድ» አለ ዶክተሩ፣ «ምርመራው ዳውን ሲንድሮም ለሚባል የክሮሞዞም ችግር ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያል። የእርስዎ ከሃያ አምስት አንድ ነው።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማችም። ለምን እንዳልሰማች ልንገራችሁ። ቅቤ ተራ ውስጥ ሕግ አለ፤ ማንም አልጻፈው፣ ሁሉም ያከብረዋል። የአዲስ አበባ ነጋዴ የአንዲትን ሴት ቅቤ በጅምላ ሲገዛ ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ ያያል። ከሃያ አምስት ጥቅልል አንዱ ድንች ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ ሃያ አራቱም ይመለሳሉ። ሴትየዋም «ተገኘባት» ትባላለች፤ በዚያ ወቅት ማንም ቅቤዋን አይነካም። ዓለምዘውድ በዚህ ሕግ ሃያ ዓመት ኖራለች። ስለዚህ ከሃያ አምስት አንድ ሲሏት የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተገኘባት።

ብድግ ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሲስተር ሳሌሃ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ወደ ራሷ ክፍል ጎተተቻት።

«ምን ሆነሽ ነው? ዶክተሩ ገና እያወራ ነው እኮ።»

«ተገኘብኝ» አለች ዓለምዘውድ። አለቀሰች። ገበያ ውስጥ ስታለቅስ ያያት የለም፤ እዚያ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ምን በላሁ? ከባድ አነሳሁ መሰለኝ። ሐምሌ ላይ ያን ሁሉ ቅቤ ብቻዬን ተሸክሜ …»

ሳሌሃ ምን እንደተገኘባት እስክታስረዳት ድረስ ጠበቀች። ከዚያ፣ አስተግፊሩላህ ብላ፣ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እኔ የአንቺን ሃያ አምስት ቅቤ መቼ ቆጠርኩ? ስሚኝ ዓለምዬ። እንዳንቺ ያለ ውጤት የያዙ ሃያ አምስት እርጉዞች በቅቤ ተራሽ ተደርድረው ተቀምጠዋል በይ። ሃያ አራቱ ዳውን ሲንድሮም የሌለው ልጅ ይወልዳሉ። አንዷ ያለው ትወልዳለች። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ ዛሬ አይታወቅም። ይሄ ምርመራ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። ኮባውን ሳትፈቺ ከላይ እንደምታሸቺው ማለት ነው።»

ዓለምዘውድ አፍንጫዋን ጠረገች። ማሽተት ምን እንደሆነ ታውቃለች። «ፈትቼ ላየው ብልስ?»

«እሱም አለ። ከመስቀል በኋላ፣ ወሩ ሲገፋ፣ አዲስ አበባ ሄደሽ በመርፌ የእንሽርት ውኃ ይቀዳል። እሱ በእርግጠኝነት ይናገራል። ግን ጥቂት ቢሆንም ፅንሱን የማስወረድ አደጋ አለው። ከመርፌው በፊት ደግሞ ከአሁኑ የተሻለ የደም ምርመራ አለ፤ እሱም ጥርጣሬውን ያጠራዋል እንጂ የመጨረሻ ቃል አይሰጥም። ምንም ሳትነኪ መጠበቅም ትችያለሽ። ካወቃችሁ በኋላ እርግዝናው ይቀጥል አይቀጥል የምትወስኑት አንቺና ባልሽ ናችሁ፤ ሕጉም መንገድ ይሰጣል። እኔ ይሄን አድርጊ፣ ያንን ተዪ አልልሽም።»

«እና ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም! የበላሽው አይደለም፣ ያነሳሽው አይደለም። ሰው ከእናቱ ሃያ ሦስት ከአባቱ ሃያ ሦስት ክሮሞዞም ይዞ ነው የሚጀምረው። አንዳንዴ ገና ሲጀመር፣ እናትየዋ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ፣ አንዱ ተርፎ ይገባል። እድሜ ሲገፋ ይበዛል እንጂ በወጣቶቹም ይደርሳል። ማንም አያደርገውም፣ ማንም አያስቀረውም።»

«እንዲህ ያለ ሰው ግን አይቼም አላውቅ» አለች ዓለምዘውድ። «በእኛ አገር የለም።»

ሳሌሃ ከወንበሯ ተነሳች። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዑራኤል የዓለምዘውድን ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ከጥበቃው ጋር ስለ አንድ ሰርግ አጥብቆ ይከራከራል። ዓለምዘውድም አየች። ወደ ሳሌሃ ዞረች፣ እንደገና ወደ መስኮቱ።

«ዑራኤል?» አለች። «ዑራኤል ደኅና ሰው ነው!»

«ደኅና ሰው ነው» አለች ሳሌሃ። «አይደለም መቼ አልኩሽ?»

በእግር ወደ ቤት ሲመለሱ ዓለምዘውድ ሃያ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው ገና ዛሬ እንዳየችው ሁሉ በጎን በጎን ታየው ነበር። የሚያስፈራው ስም እሱ ላይ ሲያርፍ ፍርሃቱ ግማሹ ለቀቃት። ግማሹ ግን አልለቀቃትም፤ ይሄን መደበቅ አይገባም። ዑራኤል እናት አለው፣ ወንድም አለው፣ እሷ አለችው። እሷ የምትወልደው ልጅ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው እሷ ከሰባ ታልፋለች፤ ማን ነው የሚይዘው? ደረቱን ሲያመው ማን ይነሳል? መርፌው ላይ ደግሞ እነዚያ ሁለቱ የወረዱት መጡባት። ብታስደርገው ልታጣው ትችላለች፣ ካላስደረገችው ሳታውቅ ትቀመጣለች። «ዓለሜ፣ ለምን አትቆጪም?» አላት ዑራኤል መንገድ ላይ። ዝምታዋ አስፈርቶት ነበር።

ሸዋንግዛው ለመስቀል ገባ፣ በሬው ታረደ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ተበላ። ዓለምዘውድ ለባሏ የነገረችው እንግዳው ከወጣ በኋላ ነው፣ ጓዳ ውስጥ፣ በሹክሹክታ። በሹክሹክታ ነው የምትለው እሷ ናት። ይህች ሴት ማንሾካሾክ አልተሰጣትም፤ ሳሎን የተቀመጡት እማማ ወለተ ሐና ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሰምተዋል።

ሸዋንግዛው ደነገጠ። «መርፌው ይደረጋ!» አለ። «ማወቅ አለብን።»

«እወቅ አንተ! የሚወጋው የእኔ ሆድ ነው።»

«ዓለም፣ አንቺ ከገባሽ በኋላ ያለውን ነው የምታውቂው። እኔ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴ በዑራኤል ምን እንደሆነች ያየሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲያየው አንገቷን ትደፋ ነበር። እንደሱ ያለ ልጅ እንዲመጣብሽ …»

መጋረጃው ተገለጠ። እማማ ወለተ ሐና መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል።  ሸዋንግዛው፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ አዲስ አበባ ባለሱቅ፣ እንደ ተማሪ ልጅ ተሸማቀቀ። እሳቸው ግን እሱን አላዩትም። ዓለምዘውድን ነው ያዩት።

«ልጄ፣ ሐኪሙ ከምን እንደሚመጣ ነግሮሻል?»

«ከምንም አይመጣም እማማ። ማንም አያደርገውም።»

«አይ፣ ከምን እንደሚመጣ ነው የምልሽ። በበዓል ቀን መሥራት ያመጣዋል?»

ዓለምዘውድና ሸዋንግዛው ተያዩ። አሮጊቷ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ለማንም ተናግረውት የማያውቁትን ተናገሩ። ዑራኤልን ፀንሰው ሳለ፣ የጥር ዑራኤል ዕለት፣ የተነቀለ እንሰት ደጅ ተቀምጦባቸው ነበር። ቢያድር ይበላሻል ብለው፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ከቤት ጀርባ ተደብቀው ፋቁት። ልጁ ተወለደ፣ መልኩን አዩ፣ አወቁ። ስሙንም ያወጡለት ለፍቅር አልነበረም። ለይቅርታ ነበር። «የንስሐ አባቴ ‹መልአኩ በእንሰት ከሴት አይጣላም› ብለውኝ ነበር» አሉ። «ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ አላመንኳቸውም። አንገቴን የምደፋው በልጄ አፍሬ መሰለህ፣ ሸዋንግዛው? ልጄማ ምን አደረገ። በራሴ ነው።»

ሸዋንግዛው ተንበርክኮ እግራቸውን ያዘ። 

ዓለምዘውድ ግን ነገሩን ይዛለች፤ ገበያ ውስጥ የተሳሳተ ሚዛን እንዳየች ሁሉ ዐይኗ ፈጠጠ። «እማማ፣ ያኔ ጥር ላይ የስንት ወር እርጉዝ ነበሩ?»

«ሆዴ ገፍቶ ነበር። ጎንበስ ማለት እያቃተኝ ነው የፋቅሁት።»

«ሳሌሃ ምን አለችኝ መሰለዎት? ገና ሲጀመር፣ እናትየዋ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው የሚሆነው አለች። እንሰቱን ሲፍቁ ዑራኤል ቀድሞ ዑራኤል ሆኗል። ከወራት በፊት!»

 የአሮጊቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ወራቱን ወደ ኋላ እየቆጠሩ መሰለ። «አልቆ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አልቆ ነበር እማማ።»

«እንግዲያ እኔ …» አሉና አልጨረሱትም። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ዓለምዘውድ አጠገባቸው ጆንያው ላይ ተቀምጣ አቀፈቻቸው፣ አብረውም አለቀሱ። ከውጭ የዑራኤል ድምፅ ይሰማል፣ የችቦውን ቅሪት እየዞረ ይዘፍናል።

በዚያው ቁጭ እንዳሉ ነው የወሰነችው። «መርፌውን አልፈልግም» አለች ባሏን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮኽ። «ሌላ ሴት ብትፈልግ አልፈርድባትም። እኔ ግን ሁለት አጥቻለሁ፤ ይሄን የሚያሰጋ ነገር አላስነካም፤ የመጨረሻ ቃል የማይሰጠኝ የደም ምርመራም ምን ያደርግልኛል? ልቡን በአልትራሳውንድ አሳያለሁ፣ የምወልደውም ሆስፒታል ነው። የሚመጣውን ተዘጋጅቼ እቀበላለሁ። አንተስ?»

«እኔም» አለ ሸዋንግዛው። ሌላ ምን ይበል? ማለቱ ግን ከልቡ ነበር። ዶክተር በኃይሉ አልፎ አልፎ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት አለና ወንድም ያለበት ሰው ይመርመር ብሎ ስለመከረ አዲስ አበባ እንደተመለሰ ደሙን አስመረመረ፤ ምንም አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ ቡታጅራ ብቅ ማለት ጀመረ። ቅቤ ተራ ሴቶች «አሁንማ ምን ቀረህ፣ ረፍዷል» እያሉ ሲቀልዱበት ይስቃል።

ልጅቷ መጋቢት ላይ ተወለደች፣ በሁዳዴ፣ ቅቤ ተራ ጭር ባለ ሰሞን። ሳሌሃ ናት ያዋለደቻት። ክብ ፊት፣ ወደ ላይ የሚያዩ ጠባብ ዐይኖች። ሳሌሃ ገና አፏን ሳትከፍት ዓለምዘውድ አየችና «አጎቷን መሰለች» አለች። ትንሽ አለቀሰች፣ ይሄንንም አንደብቅ፤ ከዚያ ጡቷን አወጣች። ልጅቷ መጥባት ከበዳት፣ ሳሌሃ እንዴት አድርጋ እንደምትይዛት አሳየቻት። ልቧ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በአልትራሳውንድ ቀድሞ ስለታየች ሐኪሞቹ ይከታተሏታል፣ ራሷ ልትዘጋም ትችላለች ብለዋል። ስሟ ማርቲ ተባለ። ሃኒ ከወልቂጤ ለፋሲካ መጥታ ከእቅፏ አላወርድ አለቻት፤ «ማን ይይዛታል ብለሽ ስትጨነቂ እኔን ረሳሽኝ እንዴ?» ብላ እናቷን ተቆጣቻት። ያ ቁጣ የማን እንደሆነ ያስታውቃል። ዑራኤል በበኩሉ ቁጭ ብሎ የልጅቷን ጣት ይዞ ይውላል፤ ሥራ የሚባል ነገር ትቷል።

አራስ ጥየቃ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። የሺመቤትም መጣች፤ ከግድግዳው ባሻገር የምትኖር፣ ክፉ ያልሆነች፣ ምላሷን ግን የማትይዝ ሴት ናት። ሕፃኗን አየች፣ ዑራኤልን አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ እማማ ወለተ ሐና ተጠጋች።

«እኔን! ምን አድርጋ ይሆን? በበዓል ቀን ሠርታ ይሆን እንዴ?»

ዓለምዘውድ አልጋው ላይ ሆና ሰምታለች። ልትጮኽ አፏን ከፈተች። አማቷ ቀደሟት። እማማ ወለተ ሐና ሕፃኗን አቅፈዋታል፤ ቀና አሉ፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ቤቱ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አዩ።

«ምንም አላደረገችም» አሉ። «እኔም ምንም አላደረግሁም።»